ናስ ለማስጠገን የምትወስዱ ሰዎች፣ ሃርድ ዲስኩን እንዳትሰጧቸው

ከመጨረሻው ልጀምር። "ተጠግኗል" ተብሎ 8,500 ብር የከፈልኩበት ናስ (የቤታችን ፋይል ማስቀመጫ ሳጥን) ይበራል፣ ይነሳል፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ልጆቼ ከተወለዱ ጀምሮ የተነሱት ፎቶ፣ የአባቴ ሰማንያኛ ልደት ቪዲዮ፣ ከካሴት ያስገለበጥኩት የወላጆቼ ሠርግ፣ ሁሉም የለም። መብራት አይደለም ያጠፋው። ብልሽቱም አይደለም። ጠጋኞቹ ናቸው፣ እያወቁ።

ሱቁን በስም አልጠራም። ጠበቃ የሆነች ጓደኛዬ ለጊዜው ተይው ብላኛለች። መገናኛ አካባቢ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ ውስጥ ነው ካልኳችሁ ይበቃል። ዓይነቱን ደግሞ ታውቁታላችሁ። የመስታወት ባንኮኒ፣ ውስጡ የሞባይል ከቨርና ቻርጀር፣ ከኋላ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ወዲያ የማይታይ "ባለሙያ"። ባንኮኒው ላይ ያለው ልጅ ዕቃውን ሳይከፍት "ቦርድ ነው" ይላል። ቀብድ ይቀበላል። ከዚያ ስትደውሉ "እየተሠራ ነው"፣ ስትሄዱ "ነገ"።

ናስ ለማታውቁ፦ ሃርድ ዲስክ የሚገባበት ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ከራውተሩ ጋር ይያያዛል፣ የቤቱ ሰው ሁሉ ከስልኩም ከላፕቶፑም ፋይሉን ያስቀምጥበታል። የእኔው ሲኖሎጂ ዲኤስ212ጄ ነው፣ ሁለት ዲስክ ይይዛል። ቨርጂኒያ ያለው ወንድሜ ያገለገለ ገዝቶ ነው የላከልኝ። አርጅቷል፣ ግን ሥራውን ይሠራ ነበር።

ሶፍትዌሩን እያዘመንኩ መብራት ሄደ። መብራት ሲሄድ የሚይዘው ባትሪ፣ ዩፒኤሱም፣ አብሮ ሄደ። ሲመለስ ሰማያዊው መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፣ በቃ እሱን ብቻ። ሲነሳ የሚያሰማው ቢፕ የለም፣ ኔትወርክ ላይም አይታይም። ወንድሜ በስልክ "ዲስኮቹን አውጪና ባዶውን አብሪው" አለኝ። አበራሁት። ያው ነው። ዲስክ ሳይኖርበትም እንደዚያው ከሆነ ችግሩ ዲስኩ ላይ አይደለም ማለት ነው።

ይህን ያዙልኝ፣ ንዴቴ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ናስ ሲበራ መጀመሪያ የሚያነበው ቦርዱ ላይ የተበየደ ባለ 8 እግር ፍላሽ ቺፕ ነው። ጥቂት ሜጋባይት ብቻ የሚይዝ። ሳጥኑን የሚያስነሳው ቡትሎደር እዚያ ነው ያለው። የሶፍትዌሩ እምብርት የሆነው ከርነልም እዚያ ነው። ፋብሪካው የጻፈው መለያ፣ ማለትም ሲሪያል ቁጥሩና ኔትወርክ ላይ የሚለይበት ማክ አድሬሱ፣ በዚያው ቺፕ ላይ የራሱ ክፍል አለው። ዝመናው እዚያ ላይ እየጻፈ መብራት ከሄደ ሳጥኑ መነሻውን ያጣል። ፎቶዎቹ ግን ዲስኩ ላይ ናቸው። ቺፑ ቢነቀል፣ ቢቃጠል፣ ዲስኩን አይመለከተውም። እንዲያውም ዲስኩን አውጥቶ ሊነክስ የሚባለው ሲስተም ያለው ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ማንበብ ይቻላል።

ጥገናው ራሱ ተአምር የለውም። ቺፑን በክሊፕ ይይዙታል፣ በፕሮግራመር (ቺፕ ማንበቢያና መጻፊያ መሣሪያ) ያነቡታል። የላፕቶፕ ባዮስ (ማስነሻ ሶፍትዌር) የሚሠራ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ያለችው ያቺ ጥቁር ሲኤች341ኤ ፕሮግራመር ትበቃለች። የተነበበውን መጀመሪያ ያስቀምጣሉ። ከዚያ የተበላሸውን ክፍል ብቻ በጤነኛ ይተካሉ፣ መለያው ያለበትን አይነኩም። ቺፑ ራሱ ከሞተ በሙቅ አየር አንስተው አዲስ ይበይዱና ያንኑ ይጽፉበታል። ቦርዱ ላይ ባሉት የሲሪያል ፒኖች ገብቶ ቡትሎደሩን ማናገርም ይቻላል፣ ገመዱ ባለ 3.3 ቮልት ከሆነ ብቻ። አዲስ ቺፕ በውጭ ገበያ 1 ዶላር አይሞላም። ለእጅ ሥራው ግን መክፈል ያለ ነው፣ በዋጋው አልተከራከርኩም።

ይህን ለልጁ ነገርኩት። እስክጨርስ ጠበቀኝና "እርስዎ ምን ይሠራሉ?" አለኝ።

"ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ።"

ወደ ጓደኛው ዞሮ ፈገግ አለ። "እሺ እናት፣ ኢንተርኔት ላይ የሚጻፈው ሌላ፣ ቦርድ ሌላ ነው። ባለቤትዎ ቢመጡ ለሳቸው በደንብ እናስረዳቸው ነበር።"

ባለቤቴ ራውተር አጥፍቶ ለማብራት እንኳ እኔን ነው የሚጠይቀው።

ዲስኮቹን ቤት ትቻቸው ነበር የሄድኩት። "ያለ ዲስክ አይሞከርም" አለ። ቺፕ ለመቀየር ዲስክ ምን ያደርግላችኋል ብለው "እንግዲያው ዋስትና አንሰጥም" አለ። ወሬውን በዋስትና ጀምሮ በዋስትና ጨረሰው። ተመልሼ አመጣሁለት። በትልቁ "ዲስኩ ፎርማት እንዳይደረግ" ብዬ ጽፌ ሳጥኑ አናት ላይ ለጠፍኩ። ልጁ ጮክ ብሎ አነበበውና "አይዞዎት እናት፣ ዲስኩን ማን ይነካዋል" አለ።

ከዚያ ያው የምታውቁት ነው። ነገ፣ ከነገ ወዲያ፣ ባለሙያው ለቅሶ ሄደ። ረቡዕ ስደውል ቺፑ ከዱባይ ገና አልገባም። ቅዳሜ ወደ ማታ ራሳቸው ደወሉ፣ "ገብቷል፣ ተሠርቷል፣ ነይና ውሰጂ"።

ስደርስ ሳጥኑ በርቷል። ልጁ አጥፍቶ እንደገና አበራልኝ። ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም፣ ከዚያ ቢፕ። ሰማያዊው መብራት ቀጥ ብሎ ቆመ። ላፕቶፑ ላይ መግቢያ ገጹ መጣ። ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሽ። "አየሽ አይደል?" አለና ስክሪኑን ወደራሱ አዞረው። "ቀሪውን ጨርሺና ይዘሽው ሂጂ፣ ልንዘጋ ነው።"

በቴሌብር ላክሁ። ስልኩ ጢን አለ፣ አየው፣ ኪሱ ከተተው።

"ፋይሎቼን ልይ" አልኩት።

"ቤትሽ ታይዋለሽ።"

"እዚሁ ልይ።"

ላፕቶፑን ራሴ አዞርኩት። የተጠቃሚው ስም "ቴስት" ይላል። እኔ ቴስት የሚባል ተጠቃሚ ኖሮኝ አያውቅም። ፋይሎቹ የሚታዩበትን ፋይል ስቴሽን ከፈትኩ። አንድ ፎልደር የለም። ማከማቻውን አየሁ፣ ከዳር እስከ ዳር ነፃ ቦታ።

"ፎቶዎቹስ?"

"የቱ ፎቶ?"

"ዲስኩ ላይ የነበረው ነዋ!"

"እ... እሱማ ፎርማት ሳይደረግ አይነሳም።"

ወረቀቱ አሁንም ሳጥኑ አናት ላይ እንደተለጠፈ ነው። ጣቴን አስቀምጬ አነበብኩለት። አላፈረም። ወዲያው "ቫይረስ ነበረበት" አለ። ቀጠለና "እንዲያውም አጽድተን ነው የሰጠንሽ" አለኝ።

ቫይረስ! እስቲ ልንገራችሁ ምን እንደተደረገ። የሲኖሎጂ ሶፍትዌር አዲስ ሲጫን ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ ያስጠነቅቃል። ተረድቻለሁ በሚለው ቦታ ላይ ምልክት ካላደረጉ አይቀጥልም። እንዲሁ በስህተት የሚነካ ነገር አይደለም። ቺፑ መሥራቱን ለማየት ደግሞ ዲስክ አያስፈልግም፤ ቺፑ ጤነኛ ከሆነ ሳጥኑ ባዶውንም ተነስቶ ኔትወርክ ላይ ይታያል። እነሱ ግን "ሠራ" ብለው የሚያሳዩኝ መግቢያ ገጽ ፈለጉ፣ የይለፍ ቃሌን ደግሞ አያውቁትም። ስልኬ እኮ አላቸው! አንድ ጊዜ ቢደውሉ እነግራቸው ነበር። ከመደወል የልጆቼን ፎቶ ማጥፋት ቀለላቸው።

እዚያው ቆሜ መዝገቡን ከፈትኩ። ናስ ዋና ዋና ሥራውን ከነሰዓቱ ይመዘግባል፣ ይህን ያላወቀው "ባለሙያ" ነው። አዲሱ ማከማቻ የተፈጠረው ማክሰኞ ማታ ነው። ረቡዕ "ቺፑ ከዱባይ አልገባም" ያሉኝ ጊዜ ዲስኮቼ ተደምስሰው አድረዋል ማለት ነው።

ከዚያ የሳጥኑ መረጃ ባለበት ኢንፎ ሴንተር ውስጥ ሲሪያል ቁጥሩን አየሁ። ሳጥኑን ገልብጬ ሥሩ ካለው ስቲከር ጋር አስተያየሁት። አይገናኝም። ማክ አድሬሱም አይገናኝም።

"የእኔ ቺፕ የታለ?"

"ጣልነው። ምን ያደርግልሻል?"

ምን ያደርግልኛል! መለያዬ ያለው እሱ ላይ ነው። ሳይነበብ ከተጣለ ያ መለያ አብሮ ተጣለ። ዱባይ የሚባል ነገርም የለም። ከሌላ ሰው የሞተ ሳጥን ላይ ነቅለው የእኔው ላይ በይደውታል። አዲስ ቺፕ ባዶ ነው የሚመጣው፤ የሰው ሲሪያል ቁጥር ይዞ ከፋብሪካ የሚወጣ አዲስ ቺፕ የለም። ያገለገለ ዕቃ በአዲስ ዋጋ ሸጡልኝ፣ ለማሳየት ብለው ደግሞ ቤቴን ባዶ አደረጉት።

ድምፄ ከፍ ሲል መጋረጃው ተገለጠና ባለሙያው ወጣ። ሰላምታ የለም።

"እህቴ፣ ሠርቷል አልሠራም?"

"ሠርቷል፣ ግን..."

"ከሠራ ጨርሰናል" አለና ተመልሶ ገባ።

ልጁ መብራቱን ማጥፋት ጀመረ። ስገባ "እናት" እና "እርስዎ" የነበርኩት ሰው ነኝ። ብሩ ከገባ በኋላ ከባንኮኒው ላይ እንደሚጠረግ ቁርጥራጭ ሽቦ ሆንኩ። ጎን ቆሞ ከቨር ሲመርጥ የነበረው ወጣት እንኳ አፍሮልኝ አንገቱን ደፋ።

ደረሰኝ? ስጠይቅ "በደረሰኝ ከሆነ 15 ፐርሰንት ይጨመራል" የሚለውን መዝሙር ሰምቼ ነበር። ያለኝ "ጥገና" የሚል ቃልና ቀብዱ የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት፣ የቴሌብሩ መልእክት፣ እና እዚያው ቆሜ በስልኬ ያነሳሁት የመዝገቡና የሁለቱ ሲሪያል ቁጥሮች ፎቶ ነው። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት አለው ይላል። ከስድብና ከማንጓጠጥም ይጠብቀዋል። ጓደኛዬ ስታነብልኝ ሳቅሁ። ማመልከቻውን ግን እያዘጋጀን ነው።

"ባክአፕ የለሽም ወይ" ልትሉኝ ነው፣ አውቃለሁ። የስልኬ ፎቶ በከፊል ሌላ ቦታ አለ። የካሴቱ ግን አንድ ብቻ ነበር፣ ካሴቱም ከተገለበጠ በኋላ ተበጥሷል። ሁለቱ ዲስኮች አንዱ የሌላው ግልባጭ ናቸው፤ ይህ አንዱ ቢሞት ነው የሚጠቅመው እንጂ ሁለቱንም አንድ ላይ ለሚደመስስ ሰው መድኃኒት አይደለም።

አሁን ዲስኮቹን አውጥቻቸዋለሁ። ወንድሜ እንዳታበሪያቸው ብሎ አስምሎኛል። አዲስ ማከማቻ መፍጠር የቀድሞውን ሁሉ ወዲያው አይሸፍነውም፤ በላዩ በተጻፈ ቁጥር ግን ተስፋው ይቀንሳል። መጀመሪያ ዲስኩ እንዳለ ሌላ ዲስክ ላይ ይገለበጣል፣ ፍለጋው የሚካሄደው በግልባጩ ላይ ነው። ፎቶዎቹ ቢገኙም ያለ ስማቸውና ያለ ፎልደራቸው ሊሆን ይችላል። ይሁን። የተበታተነውንም እቀበላለሁ።

ለምትሄዱ ሰዎች፦ ዲስክ ቤት ይቅር፣ "ያለ ዲስክ አይሞከርም" ካሏችሁ ዕቃችሁን ይዛችሁ ውጡ። የድሮውን ቺፕ ይዘት አስነብቡና በፍላሽ ተቀበሉ፣ ቺፑንም አስመልሱ። ሲሪያል ቁጥሩን ከስቲከሩ ጋር ሳታስተያዩ ቀሪውን አትክፈሉ።

ሌላ አንድ ነገር። መገናኛ አካባቢ ሁለት ዲስክ የሚይዝ የሲኖሎጂ ሳጥን ሰጥታችሁ "አይሠራም፣ ለመለዋወጫ በዚህ ዋጋ ተዉልን" የተባላችሁ ሰው ካላችሁ ጻፉልኝ። ካርቶኑ ወይም የግዢ ወረቀቱ ላይ ያለውን ሲሪያል ቁጥር መጨረሻዎቹን አሃዞች ብቻ ላኩ። ከገጠመ ቺፓችሁ እኔ ጋ ነው ያለው፣ ማመልከቻውንም አብረን እናስገባለን።