በጂኤክስ 160 ሞተር የሚሠራው ባለ 2 ኢንች የሆንዳ ፓምፕ፣ በቦርከና ወንዝ ዳር ሲመዘን

ኮምቦልቻ ዙሪያ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም ለሚያለማ ሰው ይህ ፓምፕ ልኩ ነው። ለሁለት ሰው ሸክም አይከብድም፣ መለዋወጫው አያስቸግርም፣ ሞተሩም በወጉ ከተያዘ ዕድሜ አለው። ገዢን የሚያሳስተው መመሪያው ላይ ያለው ቁጥር ነው። በደቂቃ 600 ሊትር ገደማ ያወጣል፣ ከ8 ሜትር ይስባል፣ 32 ሜትር ሽቅብ ይገፋል ይላል። ሐሰት አይደለም፤ ግን የባሕር ጠለል ልክ ነው። ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች።

በየ300 ሜትሩ ሞተሩ ከጉልበቱ 3.5 በመቶ ያህል ይጎድልበታል። ኮምቦልቻ ላይ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛው፣ ደሴ ላይ ከሩብ የሚበልጠው ይጎድላል ብላችሁ ግዙ። የመሳብ ዐቅሙም አብሮ ይወርዳል፤ ውሃውን በመሳቢያው ቱቦ ሽቅብ የሚገፋው የአካባቢው አየር ነውና አየሩ ሲሳሳ 8 ሜትር የተባለው ኮምቦልቻ ላይ ወደ 6 ይጠጋል። ስለዚህ ፓምፑን ከወንዙ አፋፍ ላይ አስቀምጦ መሳቢያ ከመቀጠል ወደ ውሃው አውርዱት። ከውሃው ከ4 ሜትር በላይ ከፍ አይበል፤ የቀረውን ርቀት በመግፊያው ቱቦ ጨርሱት። ከ20 ሜትር በላይ ዳገት ማሳ ያለው ግን ውሃው ቀጥኖ ስለሚደርሰው ከፍ ያለ ጉልበት ያለውን ቢፈልግ ይሻለዋል።

በእኛ አገር ከፍታ ዋናው ነገር ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራቶሩ ነው። ዘወትር ከ1,500 ሜትር በላይ ለሚሠራ ሞተር ካርቡራቶሩ ይስተካከል ብሎ የሚያዘው ራሱ የአምራቹ መመሪያ ነው። ቤንዚን የምታሳልፈዋ ቀዳዳ ያላት የነሐስ ቡሎን፣ ጂግሌሯ፣ ቀዳዳዋ በጠበበ ትቀየራለች ማለት ነው። ሻጩ ይህን ሳያደርግ ከሰጣችሁ ሞተሩ ቤንዚን ይበዛበታል። ለማወቅ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ፍቱ። ጫፉ ላይ ያለው ሸክላ ፈዛዛ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ጣት ሲነካው እንደ ምጣድ ጥላሸት የሚለቅ ደረቅ ጥቁር ከሆነ ወይ ቤንዚን በዝቷል ወይ የአየር ፊልትሮው ታፍኗል፤ መጀመሪያ ፊልትሮውን አጽድታችሁ እዩ፣ ያለ ወጪ ነውና። እርጥብና ቅባታም ጥቁር ከሆነ ግን ዘይት እያለፈ ስለሆነ ፋሻውን፣ የፒስተኑን ቀለበት፣ ጠርጥሩ። አዲስ ካንዴላ ስትገዙ ቁጥሩ ቢፒአር6ኢኤስ፣ ክፍተቱ ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊሜትር ነው። ጂግሌሯ የጠበበችበትን ፓምፕ ወደ አፋር ቆላ ይዞ የሚወርድ የድሮዋን ይመልስ፤ አለዚያ ቤንዚን አንሶት ሞተሩ ይግላል፣ ሊበላሽም ይችላል።

የሞተር ዘይቱ ዓይነት 10ደብልዩ-30፣ መጠኑ 0.6 ሊትር ገደማ ነው። አዲስ ሞተር ከ20 ሰዓት ሥራ በኋላ፣ ከዚያ በየ100 ሰዓቱ ወይም በየ6 ወሩ ይቀየርለት። የዘይቱ መለኪያ ዘንግ ሳይጠመዘዝ ገብቶ ነው የሚነበበው፤ ጠምዝዛችሁ ካነበባችሁ ዘይቱ ሳይሞላ የሞላ ይመስላል። ዘይት ሲያንስ እሳት የሚቆርጥ መቆጣጠሪያ ስላለው ቤንዚን እያለ በድንገት ጠፍቶ አልነሣም ያለ ሞተር በቅድሚያ ዘይቱ ይታይ። በወንዝ ዳር ተዳፋት ላይ ከተዘነበለም ዘይቱ ሞልቶ ሳለ ያው ይሆናል። ድንጋይ ደልድሉና አስተካክላችሁ አስቀምጡት።

የአየር ፊልትሮው በየ50 ሰዓቱ፣ በበጋ አቧራ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይጽዳ። ስፖንጁ በሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ንጹሕ ዘይት ነክሮ ተጨምቆ ይገባል፤ ወረቀቱ ግን ውሃ አይነካውም። የቫልቩ፣ ማለትም አየር የሚያስገባውና ጢስ የሚያስወጣው በር፣ ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲለካ ማስገቢያው 0.15፣ ማስወጫው 0.20 ሚሊሜትር ነው።

የፓምፑ ወገን ደካማ ጎኑ ጭቃ ነው። ለንጹሕ ውሃ የተሠራ ስለሆነ የቦርከና ድፍርስ አሸዋ ውስጡ እየዞረ ውሃውን የሚገፋውን መዘውር ይበላዋል። የመሳቢያው ወንፊት ከታችኛው አሸዋ ከፍ ብሎ፣ በቅርጫት ውስጥ ይንጠልጠል። ከማስነሣት በፊት ፓምፑ ውሃ ይሞላ፤ ደረቁን ከዞረ ዘንጉ ላይ ያለው ውሃ ከልካይ ሸክላና ጎማ ተቃጥሎ ውሃ ያንጠባጥባል።

ክረምቱን ቆሞ ጥቅምት ላይ እንቢ የሚል ፓምፕ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ አሮጌ ቤንዚን ነው። ቤንዚን ከወር በላይ ሲቀመጥ ሙጫ እየሆነ ጂግሌሯን ይደፍናል። በካርቡራቶሩ ሥር ያለውን ጽዋ በ10 ቁልፍ ፈትታችሁ ጂግሌሯን በአየር ንፉ፤ በመርፌ አትጎርጉሩ፣ ቀዳዳው ይሰፋል። ሰኔ ላይ ስታስቀምጡት ቤንዚኑን ዝጉና ራሱ እስኪጠፋ አስሩጡት፣ ከዚያ ጽዋውን አፍስሱ።