ዘጠኝ ወር ከ«ኤግዛይል» ጋር፦ ሱፐርማን ራሱን ከምድር ያባረረበት መጽሐፍ

መጽሐፉን የገዛሁት ከዘጠኝ ወር በፊት፣ ያገለገሉ ኮሚኮች ከሚሸጥ ሱቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመው፣ ባለ ስስ ሽፋኑ «ሱፐርማን፦ ኤግዛይል» ነው፤ «ኤግዛይል» ግዞት ማለት ነው። በ1989 በየወሩ ይወጡ የነበሩትን ክፍሎች 300 ገጽ ገደማ ባለው አንድ ጥራዝ ሰብስቧል። እስካሁን አራት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። የዋርወርልድን ምዕራፍ ግን ስንት ጊዜ እንደከፈትኩት አልቆጠርኩም።

ገዢ አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ነገር አለ። ታሪኩ የሚጀምረው ጥፋቱ ከተፈጸመ በኋላ ነው፤ ጥፋቱ ራሱ በዚህ ጥራዝ ውስጥ የለም። ጥፋቱን የምናገኘው ጆን ባይርን በ1988 በጻፈውና በሣለው የመጨረሻ የሱፐርማን ክፍል፣ በቁጥር 22 ነው። በሌላ ጠፈር ባለች፣ የእኛን በምትመስል ምድር፣ እንደ ሱፐርማን የክሪፕቶን ፕላኔት ዘር የሆኑት ጄኔራል ዞድና ሁለት ግብረ አበሮቹ አምስት ቢሊዮን ሰው ጨርሰዋል። ሱፐርማን መጀመሪያ ክሪፕቶናይት በተባለው ድንጋይ፣ በወርቃማው ዓይነት፣ ኃይላቸውን ነጠቃቸው። ከዚያ ዛቱበት፦ ኃይላችንን መልሰን ያንተንም ምድር እናጠፋለን አሉ። እሱም ገዳዩን አረንጓዴ ክሪፕቶናይት አውጥቶ ሦስቱንም ገደላቸው። ያንን ክፍል ሳያነብ «ኤግዛይል»ን የሚገዛ ሰው የሚያገኘው ፀፀቱን ብቻ ነው፤ ምክንያቱን ከንግግር ይለቃቅማል። ይህ የጥራዙ ትልቁ ጉድለት ነው።

የወንድሜ ልጅ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። ቁጥር 22ን ፈልጌ ገዝቼ ሰጠሁትና አንብቦ ሲጨርስ፣ «አጎቴ፣ ዳኛም ቅጣት ፈጻሚም ራሱ ሆነ ማለት ነው?» አለኝ። ዳኛ የሚሆን ሰው በዚያች ምድር አልተረፈም ብዬ መለስኩለት። ጥቂት አሰበና፣ «ታዲያ ለምን ያለቅሳል?» አለ። ለዚህኛው ጥያቄ መጽሐፉን ሰጠሁት።

ከግድያው በኋላ ሱፐርማን ቤቱ ተመለሰ፤ ሥራውም ቀጠለ። አእምሮው ግን ተሰነጠቀ። በእንቅልፍ ልቡ የሌላ ሰው ጭምብል አጥልቆ፣ ጋንግባስተር የተባለውን ጭምብል ለባሽ ሆኖ፣ ወንበዴ ሲደበድብ ያድር ነበር። ይህን ሲያውቅ በራሱ ላይ ፈረደ፤ መተንፈሻ ጭምብል ይዞ ከምድር ወጣ።

በእኛ ቋንቋ ግዞት፣ ስደትና ምናኔ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በግዞት የሚላክ ሌላ ሰው ፈርዶበት ነው። ስደተኛን ችግር ወይም ፍርሃት ይገፋዋል። መናኝ ግን በገዛ ፈቃዱ ዓለምን ትቶ ይሄዳል። መጀመሪያ ሳነበው ሱፐርማን መናኝ መስሎኝ ነበር፤ በሦስተኛው ንባብ ሐሳቤን ቀየርኩ። መናኝ የሚሄድበት አለው፤ ገዳም አለው፣ ጸሎት አለው። ይህ ሰው ግን መድረሻ የለውም። የሚወዳቸውን ሰዎች ከራሱ እጅ ለማዳን ብቻ ነው የሚርቀው። ወደ ጥቁሩ ባዶ ሲንሳፈፍ የሚያሳዩትን ገጾች በዝግታ አንብቧቸው፤ ቃል ሲያንስባቸው ክብደታቸው ይጨምራል።

ባሪያ ፈንጋዮች ደክሞ ያገኙትና ዋርወርልድ ወደምትባለው የጦር ዓለም ይወስዱታል። ጌታዋ ሞንጉል ነው። እስረኞቹን በአደባባይ ያጋድላል፤ ሕዝቡም ደም ለማየት ይሰበሰባል። ጺሙ ያደገው ሱፐርማን የአደባባዩን ጀግና ድራጋን ይጥላል። ግደለው ሲሉት አልገድልም ይላል። በቦክስና በጩኸት የተሞላ ምዕራፍ ነው፤ እኔን እንዲህ ያሰረኝ ግን ያ እምቢታ ነው። አንድ ጊዜ የገደለ ሰው፣ መግደል በሚያስጨበጭብበት ቦታ፣ በድካሙ ሰዓት፣ እንደገና እንዲገድል ታዘዘ። ከምድር የወጣው ይህን እጁን ፈርቶ ነበር።

የመጽሐፉ ልብ ግን ክሌሪክ የሚባለው ሽማግሌ ነው። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ክሪፕቶን ሄዶ ሰላምን ሲሰብክ ብዙ ተከታይ አፍርቶ ነበር። ከፕላኔቷ ይዟቸው ሲወጣ አለቁበት፤ ክሪፕቶናውያን ምድራቸውን ለቀው እንዳይኖሩ ሥጋቸው ተለውጦ እንደነበር አላወቀም። በሕይወት ያቆየው ኢራዲኬተር የተባለ የክሪፕቶን ቅርስ ነው፤ በሕይወት መቆየቱ ደግሞ ፀፀቱን አብሮ አቆየው። በዚያ ዕቃ አማካይነት ሁለቱ አንዳቸው የሌላውን ትዝታ ያያሉ። ሽማግሌው «ንጹሕ ነህ» አይለውም፤ የራሱን ቁስል ገልጦ ያሳየዋል። በዘጠኝ ወር ውስጥ እናቴን የቀበርኩበት ወር አለ፤ ሳልደውልላት ያለፉትን ቀናት ስቆጥር የማድርበት ሰሞን ነበር። በእነዚያ ሌሊቶች የምመለስባቸው ገጾች እነዚህ ነበሩ፤ ለዚህ ምስጋናዬ ትልቅ ነው።

የሱፐርማን ከተማ የሜትሮፖሊስ ወገን ይህን ያህል አይዝም። ሱፐርማን በሌለበት ማትሪክስ የተባለችው መልኳን የምትለዋውጥ ፍጡር የክላርክ ኬንትን፣ ማለትም ሱፐርማን እንደ ተራ ሰው ሲኖር የሚታወቅበትን፣ መልክ መያዟ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ የኢንተርጋንግ ወንበዴዎች ጉዳይ ግን ከጠፈሩ ታሪክ እየነጠቀ ያሰለቻል። አሁን እነዚያን ገጾች አልፋቸዋለሁ።

ሥዕሉ የብዙ እጅ ነው። ዳን ጀርገንስና ኬሪ ጋሚል አብዛኛውን ሸክም ይሸከማሉ፤ ጄሪ ኦርድዌይም አለ። ሄልቦይ የተባለውን ታዋቂ የኮሚክ ገጸ ባሕርይ ገና ያልፈጠረው ማይክ ሚኞላ፣ አንጋፋው ከርት ስዋንና በ2022 ያረፈው ጆርጅ ፔሬዝ በዚያው በክሌሪክ ትዝታ ክፍል ላይ ይገናኛሉ። እንዲህ ያለ ጥምረት በአንድ ጥራዝ ማግኘት ብርቅ ነው። መመለሱን የሚነግረው አክሽን ኮሚክስ ቁጥር 643 በፔሬዝ ሽፋኑ የ1939ኙን የሱፐርማን ቁጥር 1 ያስታውሳል።

የእኔ ቅጂ ጀርባው ተሰንጥቋል፤ ሁለት ቅጠል ወልቆ በፕላስተር አጣብቄዋለሁ። ብዙ ስለከፈትኩት ነው፤ ሳገኘውም ያገለገለ ነበር። በ2018 የወጣ፣ ጠንካራ ሽፋን ያለውና ብዙ ተጨማሪ ክፍሎች የያዘ፣ ኦምኒበስ የሚባል ግዙፍ ጥራዝ አለ፤ የጋንግባስተርን ታሪክ ሙሉውን የሚፈልግ እሱን ይግዛ፤ ተኝቶ ለማንበብ ግን ይከብዳል። የወንድሜ ልጅ የእኔን ሳይመልስ ሦስት ሳምንት ሆነው። ትናንት ደውሎ ክሌሪክ ጋ እንደደረሰ ነገረኝ።