ለጢስ ዓባይ አስጎብኚያችን ምስጋና፣ ለምትሄዱ ደግሞ ጥቆማ

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ አንድ ሰው ማመስገን እፈልጋለሁ። ጢስ ዓባይ ከተማ የሚሠራ፣ እዚያው ተወልዶ ያደገ አስጎብኚ ነው። ስሙን አደባባይ እንዳላወጣው ስለጠየቀኝ አልጽፈውም። ግን ባህር ዳር ሄዳችሁ ወደ ፏፏቴው ለመውረድ ያሰባችሁ ሁሉ እሱን ይዛችሁ ብትወርዱ ደስ ይለኛል።

አባቴ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው። ዕድሜ ልኩን ስለ ዓባይ አስተምሯል፣ ፏፏቴውን ግን እንደ ብዙዎቻችን የሚያውቀው በድሮው አንድ ብር ኖት ላይ ነበር። ለፋሲካ ልወስደው አስቤ ጓደኛዬ የሰጠችኝ የአስጎብኚው ቁጥር ላይ ደወልኩ። ልጁ ስለ አባቴ ዕድሜና ስለ ጉልበቱ ከጠየቀኝ በኋላ፣ «እህቴ፣ አሁን ባትመጡ ይሻላል። ውሃው በጣም ቀንሷል። አባትሽ ይህን ሁሉ መንገድ መጥተው ደረቅ ገደል አይተው እንዲመለሱ አልፈልግም። ክረምቱ ይግባና ይውጣ፣ ያኔ ደውይልኝ» አለኝ። በዓል ነው፣ ሥራ ነው፣ ገንዘብ ነው። እሺ ኑ ቢለኝ ዘው ብዬ ነበር የምሄደው። እኔ እዚያው ስልኩ ላይ ነው ያመንኩት።

ነገሩ እውነት ነው። ፏፏቴው አጠገብ በ1950ዎቹ ውሃውን ከፏፏቴው በላይ የሚጠልፍ አንድ የኃይል ማመንጫ ተሠራ፣ በ1990ዎቹ ደግሞ ሌላ ተጨመረ። ከዚያ በ2002 ዓ.ም. ጣና በለስ የሚባለው ማመንጫ ተመረቀ። እሱ ውሃውን በቀጥታ ከሐይቁ ወስዶ ወደ በለስ ወንዝ ነው የሚለቀው፣ ስለዚህ ያ ውሃ ፏፏቴው ጋር ጭራሽ አይደርስም። በበጋ የሄደ ሰው «ይኼ ነው እንዴ?» ብሎ የሚመለሰው ለዚህ ነው። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት ግን ሌላ ነገር ነው። ከ40 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፣ ሲሞላ ደግሞ ጎኑ እስከ 400 ሜትር ይሰፋል።

እኛ የሄድነው ጥቅምት ላይ ነው። ከባህር ዳር ወደ 30 ኪሎ ሜትር ነው። ትኬት ከተማው ውስጥ ቆረጥንና በድልድዩ በኩል ባለው መንገድ ወረድን። ዝናቡ ቢያቆምም ጥላ ያለበት ቦታ ጭቃው አልደረቀም ነበር። እዚህ ላይ የልጁን ሥራ ልብ ብዬ አየሁት። ቁልቁለት ላይ ሁልጊዜ ከአባቴ አንድ እርምጃ ዝቅ ብሎ፣ ፊቱን ግማሽ ወደሱ አዙሮ ነው የሚሄደው። ዳገት ሲሆን ደግሞ ምንም ሳይናገር ከኋላ ይሆናል። እጁን አይዝም፣ አይደግፍም፣ ግን አባዬ ቢንሸራተት የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። አባቴ «ደግፉኝ» ማለት የሚከብደው ሰው ነው፣ ልጁ ይህን ማንም ሳይነግረው ገብቶታል። ዱላም ከቤቱ ይዞለት መጥቷል፣ ጫፉ ላይ ላስቲክ የተጠቀለለበት።

የድንጋይ ድልድዩ ጋ ስንደርስ «መምህር፣ እዚህ ይረፉ፣ አንቸኩልም» አለው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ፣ ሰው የፖርቱጋሎች ድልድይ እያለ የሚጠራው ነው፣ ዛሬም ገበያተኛው ከነአህያው ይሻገርበታል። ከላይ ሲያዩት ያ ሁሉ ዓባይ በጥቁር ድንጋይ መሃል ባለች ጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ተጨምቆ ያልፋል። አባቴ እዚያ ቁጭ ብሎ ማስተማር ጀመረ። ድሮ የፈሰሰ ላቫ እንዴት የጣናን ውሃ እንደገደበ፣ ፏፏቴው የሚወርድበት ድንጋይም የዚያው ዓይነት መሆኑን አንድ በአንድ አስረዳ። ልጁ ስልኩን አውጥቶ «መምህር፣ ልቅዳዎት?» ብሎ ፈቃድ ጠየቀና ቀዳው። እየመለሰ ጥያቄም ይጠይቀው ነበር፣ ለወግ ያህል ሳይሆን የምሩን። አባዬ ጡረታ ከወጣ በኋላ እንደዚያ ሲያወራ አላየሁትም። እኔ በበኩሌ ከምንም በላይ የማመሰግነው ለዚህ ነው። ሌላ አገር የገጠመኝ አስጎብኚ ጥያቄ ስጠይቀው ሰዓቱን ነበር የሚያየው።

ከድልድዩ በኋላ ዳገት አለ፣ ከዚያ መንገዱ በጫት ማሳዎች መሃል ያልፋል። ስካርፍና ቅል የሚሸጡ ልጆች ይከተላሉ። ሁሉንም በስማቸው እየጠራ ነው የሚያናግራቸው፣ አንዱንም አላመናጨቀም። ለልጆች ዝም ብላችሁ ገንዘብ አትስጡ፣ መግዛት ከፈለጋችሁ ግን ከራሳቸው ከሸማኔዎቹ ግዙ ብሎ ነገረን፣ ልክ ነው።

ፏፏቴው ፊት ለፊት የደረስነው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው። በማለዳ እንድንነሳ ያደረገን ለዚህ መሆኑን ያኔ ነው የነገረን፣ በዚያ ሰዓት ፀሐዩ ጢሱ ላይ ሲያርፍ ቀስተ ደመናው ይወጣል። ወጣም። ጢሱ እኛ እስከቆምንበት ይመጣል፣ ልብስ ያረጥባል፣ ድምፁ ደረት ውስጥ ይሰማል። ልጁ ስልኮቻችንን በፌስታል ጠቅልሎ ያዘልንና ሣሩ ስለሚያንሸራትት እስከ የት መጠጋት እንደምንችል በዱላው መስመር አሰመረልን። አባቴ ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገረም።

ስንመለስ አባዬ በመጣበት ዳገት እንዳይደክም በተንጠልጣዩ ድልድይ አድርገን ወንዙን በጀልባ በሚሻገሩበት በኩል ዞርን። ጀልባው መሻገሩን ቀድሞ ደውሎ አረጋግጧል። ተንጠልጣዩ ድልድይ ሰው ሲበዛበት ይወዛወዛል፣ አባቴ ጫፉ ላይ ሲደርስ ትንሽ ፈራ። ልጁ ወደ ማዶ ጮኾ «እስኪ አንዴ ቁሙልን፣ አባት ናቸው!» አለ። እነዚያ ሁሉ ሸክም የያዙ ሴቶች ቆመው ጠበቁን። ስናልፍ ደግሞ «አይዞዎት አባባ» እያሉ። እነሱንም ስማቸውን ባላውቅም አመሰግናለሁ።

ክፍያውን በተመለከተ በስልክ የነገረኝን ዋጋ ነው የተቀበለኝ፣ ጀልባው ለብቻ እንደሚከፈልም አስቀድሞ ነግሮኛል። ለሱ ግን ጨመር አድርጋችሁ ስጡት እላለሁ፣ በጋው ወራት ሥራ የለም፣ ያም ሆኖ ሰው እውነቱን ነግሮ የሚመልስ ልጅ ነው።

ለምትሄዱ፦ ሶሉ የሚይዝ ጫማ አድርጉ፣ ነጠላ ጫማ በፍጹም አይሆንም። ውሃና ኮፍያ ያዙ። ትልልቅ ሰዎች ካሏችሁ በጀልባው በኩል ገብታችሁ በዚያው መመለስ ትችላላችሁ፣ እሱ አጭርና ሜዳ ነው፣ የድንጋይ ድልድዩን ግን አታዩትም። ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ መንገዱ ሰላም መሆኑን ደውላችሁ ጠይቁት፣ እንደ ውሃው ሁሉ ይህንንም ሳይደብቅ ይነግራችኋል።

ቁጥሩን ለመስጠት ፈቅዶልኛል፣ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ወንድሜ፣ ይህን ካነበብከው አባቴ በጣም ሰላም ይልሃል። የቀዳኸውን ድምፅ ላክልኝ፣ ለእህቶቼ ላሰማቸው እፈልጋለሁ።