ቴፑ ሊስትሮ ሆነብኝ

አዳማ ላይ የሰርግ ቪዲዮ እቀርጻለሁ። አንድ ሃርድ ዲስክ ከነሦስት ሰርጉ ሞተብኝና የሙሽሮቹን ስልክ ማንሳት አቃተኝ፤ ከዚያ በኋላ ነው ለሌንስ ባጠራቀምኩት ብር ያገለገለ ኤልቲኦ 5 ቴፕ ድራይቭ የገዛሁት፤ ፋይል በማግኔት ክር ላይ የሚያስቀምጥ ማሽን ነው፣ 5 ደግሞ ትውልዱ። ቴፕ ስል የድሮውን የዘፈን ካሴት እንዳታስቡ። ብታስቡም ብዙ አልተሳሳታችሁም፤ ግማሽ ኢንች ስፋት፣ 846 ሜትር ርዝመት ያለው ክር መዳፍ በምታክል ካርትሪጅ ውስጥ ተጠቅልሏል።

መጀመሪያ ሻጩን ልማው። «ብራዘር፣ 3 ቴራ ይይዛል» አለኝ። ካርትሪጁም ላይ 3 ቴራባይት ተጽፏል፣ ስለዚህ ዋሸ አልልም። ግን ያ መረጃው ለሁለት ታጥፎ ሲጨመቅ ነው፤ የራሱ አቅም 1.5 ነው። ቪዲዮ ደግሞ ካሜራው ውስጥ እያለ ተጨምቆ የመጣ ስለሆነ ሁለተኛ መጭመቅ ሎሚ ከጠጡ በኋላ ልጣጩን እንደማሸት ነው። ሳስ በሚባል ሶኬት እንደሚሠራ፣ ለኮምፒውተሬ ለብቻው ካርድ መግዛት እንዳለብኝም አልነገረኝም።

ከዚያ ድምፁ መጣ። ገር ይላል፣ ይቆማል፣ ወደኋላ ይመለሳል፣ ደግሞ ይነሳል። ማታ ያስጀመርኩት 400 ጊጋ ጠዋት አላለቀም። ባለሙያዎቹ ይህን ሹ ሻይኒንግ ይሉታል፣ ጫማ መጥረግ እንደማለት። በቃ ሊስትሮ! ድራይቩ በሰከንድ 140 ሜጋባይት መጻፍ ይችላል። መረጃው ሲዘገይበት ፍጥነቱን በመጠኑ ይቀንሳል፤ ከልኩ በታች ሲሆንበት ግን ቆሞ፣ ወደኋላ ሄዶ፣ እንደገና መንደርደር አለበት። ክሩም ያልቃል፣ ሄዱም (ክሩ ላይ የሚጽፈው ክፍል) ይበላል።

ልመልሰው ስል ፍራንኮ አካባቢ ኔትወርክ የሚሠራ ልጅ ጠራሁ። ድራይቩን አልነካውም። ቪዲዮው በኔትወርክ ኬብል ወደ ድራይቩ የሚመጣበትን ስዊች (ኬብሎቹ የሚገናኙበትን ሳጥን) አየና «ጋሼ፣ ኬብሉን ማነው የዘረጋልህ?» አለኝ። ጫፉን ሲቆርጠው ከስምንቱ ቀጫጭን ሽቦዎች የተገጠሙት አራቱ ብቻ ናቸው። ጊጋቢት የሚባለው ፈጣኑ ኔትወርክ (በሰከንድ 1000 ሜጋቢት) ስምንቱንም ይፈልጋል፤ በአራቱ የሚሄደው በሰከንድ 100 ሜጋቢት ነው። ሜጋቢት እንጂ ሜጋባይት አይደለም! ለ8 ስታካፍሉት በሰከንድ 12.5 ሜጋባይት ይሆናል። 140 የለመደን ማሽን በማንኪያ ማጉረስ ነው። እኔ እነዚህን ሁለት ቃላት እስከዛሬ አንድ አድርጌ ነበር የማያቸው፣ አሁን ኪሴ ለያቸው።

ልጁ የኬብሉን ሁለቱንም ጫፎች (አርጄ 45 የሚባሉትን መሰኪያዎች) ቀየረና ያው 400 ጊጋ በአንድ ሰዓት ገደማ አለቀ። ጊጋቢትም ቢሆን በሰከንድ ከ125 ሜጋባይት አያልፍም፣ ግን ድራይቩ እዚያ ድረስ ዝቅ ማለት አያቅተውም። ድምፁም አንድ ወጥ ሆነ።

አሁን ደስ ብሎኛል። ኤልቲኤፍኤስ በሚባለው አሠራር ቴፑን እንደ ፍላሽ ከፍቼ ፋይል እጎትታለሁ፤ መሃል ላይ ያለ ፋይል ከሆነ ክሩ እስኪጠቀለል ትንሽ መጠበቅ አለ። የአዳማን አቧራ ስለምታውቁት ማጽጃ ካርትሪጅ አብራችሁ ግዙ። ድራይቩ ቢሞትባችሁ ደግሞ ኤልቲኦ 6 በእነዚህ ካርትሪጆች ላይ ይጽፋል፣ 7 ያነባል ብቻ፣ 8 ጭራሽ አያውቃቸውም።

ለድራይቩ ከ5 4፣ ለሻጩ 2፣ ለልጁ ሙሉ 5። ኬብል የዘረጋልኝ ሰውዬ ነጥብ የለውም፣ እኔ የከፈልኩት የስምንት ሽቦ ነበር።