«ዛሬ አንወጣም» ላሉን ናሆዳ

ለአንድ የጀልባ ካፒቴን ይህን ምስጋና ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ዘግይቻለሁ። ፈተና ላይ ነበርን። ሳልጽፈው ብቀር ግን ይቆጨኛል።

ናይሮቢ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርኩ ነው። በነሐሴ መጀመሪያ ክፍላችን ወደ ኬንያ ደቡብ ባሕር ዳርቻ የስድስት ቀን የመስክ ጉዞ ነበረው። ተማሪዎች አሥራ ዘጠኝ፣ መምህራን ሁለት። ከተማሪዎቹ ሦስታችን ኢትዮጵያውያን ነን። አስተባባሪዋ እኔ ነበርኩ። ጀልባው፣ ማደሪያው፣ ምግቡ፣ ሁሉም እኔ ላይ ነበር።

መጀመሪያ የተዋዋልነው ከአንድ አስጎብኚ ድርጅት ጋር ነበር። ልንነሳ አራት ቀን ሲቀረን ጀልባውን ለሌላ ቡድን ሰጠነው አሉን። ቀብዱንም «እናየዋለን» ብለው ዘጉት። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። በነጋታው የሞምባሳ ልጅ የሆነች የክፍል ጓደኛዬ «አጎቴ የሚያውቃቸው አንድ ናሆዳ አሉ» ብላ ስልክ ቁጥር ሰጠችኝ።

ናሆዳ በስዋሂሊ የጀልባ ካፒቴን ማለት ነው። መንደሩ ሁሉ የሚጠራቸው እንዲሁ ነው። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። ፈቃድ ስጠይቃቸው «ለሚፈልግ ሰው ስልኬን ስጪ፣ አደባባይ ላይ ግን አትለጥፊው» ብለውኛል። ተወልደው ያደጉት ጋዚ ነው። ጀልባቸው ያለችው ደግሞ ሺሞኒ፣ ወደ ታንዛኒያ ድንበር ጠጋ ብሎ።

ስደውልላቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ገንዘብ አልነበረም። «ከእናንተ ውስጥ መዋኘት የማይችል ስንት ሰው አለ?» አሉኝ። አላውቅም ነበር። ጠይቄ ስመለስ አሥራ አንድ ሆንን። እኔም አንዷ ነኝ። ከዚያ የምንመጣበትን ቀን ጠየቁኝና ትንሽ ዝም ብለው «ጨረቃ ሙሉ ናት፤ ጥሩ ነው» አሉ።

ለምን ጥሩ እንደሆነ የገባኝ እዚያ ስደርስ ነው። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ደግሞ ሙላቱም ጉድለቱም ይበረታል። በዚያ ዳርቻ በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው የውኃ ከፍታ ልዩነት ሦስት ሜትር አልፎ ወደ አራት የሚጠጋበት ቀን አለ። ማንግሮቭ በባሕር ዳር ጨዋማ ጭቃ ላይ የሚበቅል ዛፍ ነው። ደኑ ውስጥ ገብቶ ለመለካት ውኃው ርቆ የሚሸሽበት ቀን ያስፈልጋል። ሰውዬው የትምህርት ዕቅዳችንን ሳያዩ በጨረቃ አወጡልን።

ባሕር ዳር ነው ተወልጄ ያደግኩት። ጣናን ባሕር እያልኩ ነው ያደግኩት። ከናይሮቢ ሞምባሳ በባቡር ወርደን፣ ሊኮኒ ላይ በጀልባ ተሻግረን ወደ ደቡብ ስናመራ ውቅያኖሱን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። ሰፊነቱ አይደለም የገረመኝ። ጣናም ዳር የለውም እስኪባል ድረስ ሰፊ ነው። ጣና ግን ጠዋት የተውሽው ቦታ ማታም ታገኚዋለሽ። ይህኛው ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ ጀልባ ሲንሳፈፍበት ያየሁት ቦታ ላይ በማግስቱ ጠዋት ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ነበር።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

በሁለተኛው ቀን ዕቅዳችን ኪሲቴ ወደሚባለው የባሕር ፓርክ መውጣት ነበር። ኮራሉ፣ ማለትም ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሠሩት ድንጋይ መሰል ነገር፣ ያለው እዚያ ነው። ሁላችንም በጠዋት ሺሞኒ ወደቡ ላይ ተሰልፈናል። ከፊታችን ያለው ውኃ እንደ መስታወት ነው። ናሆዳ መጡ፣ ወደ ደቡብ አዩ፣ ከአንድ ሌላ ሽማግሌ ጋር ሁለት ቃል ተነጋገሩ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው «ሌኦ ሃፓና» አሉ። ዛሬ አይሆንም።

ተማሪው ተንጫጫ። እኔም ከፋኝ። ውኃው ጸጥ ብሏል፣ ፀሐይ ወጥታለች፣ ምን ሆነው ነው? ይባስ ብሎ አጠገባችን የቆመ ሌላ ባለ ጀልባ «እኔ እወስዳችኋለሁ፣ ቀንሼላችሁ» አለን። መምህራችን እንኳን ልባቸው ወደዚያ አዘንብሎ ነበር።

ናሆዳ አልተከራከሩም። የከፈልነውን ቀብድ ከኪሳቸው አውጥተው መምህሩ እጅ ላይ አስቀመጡ። ከዚያ «ሁለታችሁ ኑ» ብለው መምህሩንና እኔን ጀልባዋ ላይ አወጡን። ላይፍ ጃኬቱን ራሳቸው አሰሩልኝ። ሺሞኒ ከፊት ለፊቷ ዋሲኒ የምትባል ደሴት አለች። ወደቡን የምትከልለው እሷ ናት። የደሴቷ ጫፍ ላይ ደርሰን ወደ ውጭ ብቅ ስንል ነገሩ ሌላ ሆነ። ነጭ አረፋ የለበሰ ማዕበል ተከታትሎ ይመጣል። ጀልባዋ አንዴ ተነስታ ስትወርድ ሆዴ አብሮ ወረደ። ናሆዳ ምንም ሳይናገሩ አዞሩና መለሱን።

ኩሲ ይሉታል ነፋሱን። ከደቡብ የሚመጣው የክረምቱ ነፋስ ነው። ከኅዳር ጀምሮ ደግሞ ካስካዚ የሚባለው ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል። በጥንት ዘመን የዓረብና የሕንድ መርከቦች በአንዱ መጥተው በሌላው ይመለሱ የነበረው በእነዚህ ነፋሶች ነው። ነሐሴ ላይ ኩሲ ገና አልለቀቀም። ደሴቷ ስለከለለችው ወደቡ ላይ የቆመ ሰው አያየውም።

አሥራ አንድ መዋኘት የማንችል ሰዎች እዚያ ብንወጣ ምን ይሆን ነበር? አሁንም ሳስበው ይዘገንነኛል። እሳቸው ያን ቀን ገቢያቸውን በፈቃዳቸው ትተዋል። የጀልባ ሥራ ደግሞ ወር ጠብቆ ደመወዝ የሚገባበት አይደለም። የቀረ ቀን ቀረ ነው። ለዚህ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው።

እሺ፣ አንወጣም። ታዲያ ቀኑን ምን እናድርገው? ናሆዳ ቀድመው ደውለው ጨርሰዋል። «ጋዚ ሂዱ፤ ውኃው አሁን እየጎደለ ነው» አሉንና አብረውን አውቶቡሱ ላይ ወጡ።

ጋዚ ከሞምባሳ በስተደቡብ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። መንደሩ ትንሽ ነው፤ በማንግሮቭ ሥራ ግን ዓለም ያውቀዋል። ሚኮኮ ፓሞጃ የሚባለው የማኅበረሰብ ፕሮጀክት ያለው እዚያ ነው። ትርጉሙ «ማንግሮቭ በአንድነት» ማለት ነው። የጋዚና የማኮንጌኒ ነዋሪዎች 117 ሄክታር ማንግሮቭ ይጠብቃሉ፤ ደኑ ከአየር የሚያምቀውን ካርቦን ብክለታቸውን ማካካስ ለሚፈልጉ ገዢዎች ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሸጣሉ። ገንዘቡ ለትምህርት ቤትና ለንጹሕ ውኃ ይውላል። በ2017 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ተፈጥሮን ለሚጠብቁ ማኅበረሰቦች የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማት አግኝተዋል። እኛ ይህን በክፍል ውስጥ በስላይድ አይተነዋል። ጭቃው ውስጥ ቆሞ ማየት ግን ሌላ ነው።

ናሆዳ ከመግባታችን በፊት ጫማችንን አንድ በአንድ አዩ። ነጠላ ጫማ ያደረጉትን ሁለት ልጆች መለሱ። የማንግሮቭ ሥር ላይ ኦይስተር የሚባሉ ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳት ይጣበቃሉ፤ ቅርፊታቸው ምላጭ ነው። ከዚያ አንድ እንጨት ውኃው ዳር ተከሉ። «ውኃው ተመልሶ ይህን ሲነካ እንወጣለን» አሉ። ሌላ ሕግ አልነበራቸውም።

ውስጥ ስንገባ መምህሮቻችን እንኳን ዝም ብለው ያዳምጡ ነበር። ናሆዳ የላቲን ስም አያውቁም። ግን እያንዳንዱን ዛፍ በአካባቢው ስሙ ይጠሩታል፣ ለምን እዚያ ቦታ እንደበቀለም ይነግሩሻል። ወደ ባሕሩ ፊቱን የሰጠው ምሊላና ነው። ቀጥሎ ምኮኮ፣ እግሩን እንደ ሸረሪት ዘርግቶ የሚቆመው። ምቹ የሚባለው ደግሞ ከጭቃው እርሳስ የመሰሉ ሥሮች ወደ ላይ ያበቅላል፤ የሚተነፍሰው በእነሱ ነው። የምቹን ቅጠል ቆርጠው «ላሺው» አሉኝ። ላስኩት። ጨው! ዛፉ የባሕሩን ጨው በቅጠሉ ላብ አድርጎ ያወጣዋል። ይህን ከመጽሐፍ ላይ አንብቤ ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። ከምላሴ የማይጠፋው ግን የዚያን ቀኑ ነው።

የምኮኮን ዘርም አሳዩን። ፍሬው ከእናቱ ሳይወርድ እዚያው ዛፉ ላይ ይበቅላል። ረዝሞ፣ አረንጓዴ ጦር መስሎ ይንጠለጠላል። ሲወድቅ ጭቃው ላይ ተሰክቶ መኖር ይጀምራል፤ ካልሆነም ባሕሩ ተሸክሞ ሌላ ቦታ ያደርሰዋል። ናሆዳ በወጣትነታቸው ማንግሮቭ ቆርጠው ለቤት ወራጅ ይሸጡ እንደነበር ሳይደብቁ ነገሩን። አሁን ከመንደሩ ሰው ጋር ይተክላሉ። «ዓሣው የሚያድገው እዚህ ሥር ነው። ይህን ቆርጬ ምን ላጠምድ ነው?» አሉ።

አሥር በአሥር ሜትር ካሬ እየከለልን የዛፎቹን ውፍረት ለካን፣ ቡቃያ ቆጠርን። አንድ ካሬ ሲቀረን ናሆዳ ጠሩን። እንጨቱ ተነክቷል። «አሥር ደቂቃ ብቻ» ብለን ለመንናቸው። እንቢ አሉ። እየተነጫነጭን ወጣን። ብዙም ሳይቆይ ስንለካበት የነበረው ቦታ ወገብ ድረስ በውኃ ተሞላ።

አንዱ ልጅ ሲወጣ እጁን በኦይስተር ቆርጦት ነበር። ናሆዳ ወዲያው በንጹሕ ውኃ አጥበው አሰሩለትና በሞተር ሳይክል ክሊኒክ ወሰዱት። እስኪሰፋለት ድረስ ውጭ ጠበቁት። የሞተሩን ሂሳብ ልንከፍላቸው ስንል አልተቀበሉም።

ስለ ምግቡም ልናገር፣ ምክንያቱም ለእኛ ለሦስታችን ትልቅ ነገር ነበር። ጾመ ፍልሰታ ነበር። ባሕር ዳርቻ ላይ ዓሣና ዶሮ ካልሆነ ምን ይገኛል ብለን ዳቦና ሙዝ ይዘን ነበር የሄድነው። ናሆዳ አለመብላታችንን አይተው ጠየቁን። «ጾም ነን» አልን። «ሳውሙ?» አሉ። እነሱም ጾምን ሳውሙ ነው የሚሉት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ባለቤታቸው ለእኛ ለብቻ ያበስሉ ጀመር። በኮኮናት ወተት የተቀቀለ ሩዝ፣ በኮኮናት የተሠራ ባቄላ መሰል ቀይ አደንጓሬ፣ ጎመን የሚመስል ቅጠል። ለእኛ ያሰቡት ድስት ከዓሣው ድስት እንዳይነካካ ጭልፋውን እንኳን ለይተዋል። እማማ፣ እጅዎን ይባርክልን።

ከሁለት ቀን በኋላ ኩሲ ጋብ አለ። ናሆዳ በማታ ደውለው «ነገ ሳ ምቢሊ» አሉኝ፤ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ማለታቸው ነው። ኪሲቴን ያየነው እንዲህ ነው። ጉዞው ጥሩ ነበር። ዶልፊኖች አየን። ናሆዳ ሞተሩን አቀዝቅዘው ራቅ ብለው ቆሙ እንጂ አላሳደዷቸውም። ኮራሉ ላይ መቆምም መንካትም ክልክል ነው። መዋኘት የማንችለው ላይፍ ጃኬት ለብሰን፣ ገመድ ይዘን፣ ፊታችንን ውኃው ውስጥ ነክረን አየን። ሌላውን ፎቶው ይናገር።

ለማን ነው የምጠቁማቸው? ለተማሪ ቡድን፣ ለተመራማሪ፣ ልጆች ይዞ ለሚሄድ ቤተሰብ። እዚያ ለዕረፍት የምትሄዱ የናይሮቢ አበሾችም እሳቸውን ብትጠይቁ አትቆጩም። ሙዚቃ ያለው የመዝናኛ ጀልባ ለሚፈልግ ግን አይሆኑም። ዋጋቸው ወደቡ ላይ ከሚጠሩት ከአንዳንዶቹ ትንሽ ይወደዳል። ያስከፈሉንን ሁሉ ግን በደረሰኝ ጽፈው ሰጥተውናል፤ ለዩኒቨርሲቲ ሂሳብ ማወራረድ ላለበት ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የፓርኩ መግቢያ ለብቻው ይከፈላል። እንግሊዝኛቸው አጭር ነው፤ ስዋሂሊ የሚችል አንድ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። በፕላስቲክ የታሸገ ውኃ አትያዙ። ኬንያ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉትን ፕላስቲክ በፓርኮቿ ውስጥ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክላለች። ኮዳ ያዙ። ከሁሉ በላይ ደግሞ በዕቅዳችሁ ላይ አንድ ትርፍ ቀን ጨምሩ። «ዛሬ አንወጣም» ቢሏችሁ ሳትጨነቁ እሺ እንድትሉ።

ናሆዳ፣ ይህን ጽሑፍ ጓደኛዬ በስዋሂሊ ታነብልዎታለች። አሥራ ዘጠኛችንም በሰላም ቤታችን ገብተናል። አሳንቴ ሳና። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ለባለቤትዎ የላክሁት ቡና በዚህ ሳምንት ይደርሳል።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትደውሉላቸው አንድ ነገር ልብ በሉ። ስዋሂሊም ቀኑን እንደ እኛ ከንጋት ነው የሚቆጥረው። ሳ ምቢሊ ካሏችሁ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። ስድስት መጨመርም መቀነስም የለም። የሌላ አገር የክፍል ጓደኞቼ በጣት ሲቆጥሩ እኛ ሦስታችን ወደቡ ላይ ቀድመን የደረስነው ለዚህ ነው።