የሮቶዬን ክዳን ለከፈተው ወንድሜ፤ ጅማ ያላችሁ ሁሉ አንብቡልኝ

ይህን ጽሁፍ ለመጻፍ ሁለት ወር ጠብቄያለሁ። ልጄ ሙሉ በሙሉ ሳይድን ማመስገን ፈራሁ። አሁን ግን ተመስገን፣ ከመስከረም ወዲህ አንድም ቀን ሆዱን አላመመውም። ዝም ብል ግፍ ይሆንብኛል።

ቤታችን ወደ ጂረን በሚያወጣው ዳገት ላይ ነው። ውሃ በሳምንት አንዴ ቢበዛ ሁለቴ ይመጣል፣ እሱም ሌሊት። ተነስተን ሮቶ እንሞላለን፣ ጀሪካን እንደረድራለን። ባለፈው ክረምት የመጣው ውሃ ሻይ ይመስል ነበር። ነጭ ነጠላ አጥቤ ቡና የተደፋበት መስሎ ወጣ። የአራት ዓመቱን ልጄን ሆዱን ያመው ጀመር። አንዴ አሜባ ነው ተባለ፣ አንዴ ጃርዲያ። መድኃኒቱን ይጨርሳል፣ ሁለት ሳምንት ደህና ይሆናል፣ ከዚያ እንደገና። ሱሪው ከወገቡ እየወረደ አስቸገረኝ። እናት የሆናችሁ ታውቁታላችሁ።

መጀመሪያ አንድ ሻጭ ቤታችን መጣ። ሁለት ብርጭቆ አስቀመጠ። በአንዱ የቧንቧችንን ውሃ፣ በሌላው ከራሱ የውሃ ማጣሪያ ማሽን የወጣ ውሃ ሞላ። የብረት ዘንጎች ያሉት ዕቃ ነከረባቸውና ኤሌክትሪክ ላይ ሰካው። የእኛ ውሃ በደቂቃዎች ውስጥ ቡናማ ጭቃ ሆነ። የሱ ምንም አልሆነም። «ለልጅሽ የምታጠጪው ይህንን ነው» አለኝ። እዚያው አለቀስኩ። ባለቤቴ የዕቁብ ብሩን አውጥቶ 22,000 ብር ከፈለ። ማሽኑ ግን ጥሩ ግፊት ይፈልጋል፣ የእኛ ሰፈር ውሃ ደግሞ ግፊት የለውም። ጠብ ጠብ ሲል ይውላል። ከሚጣራው ይልቅ በቀጭኑ ቱቦ የሚደፋው ይበልጣል። ሌሊት እንቅልፍ አጥተን የሞላነው ውሃ! ስንደውል ስልክ አይነሳም። ሁለተኛው ባለሙያ ቀብድ ተቀብሎ ጠፋ። ሦስተኛው ግቢው በሙሉ ተቆፍሮ ቱቦ ይቀየር አለን። ሮቶውን ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። እነዚህን ሰዎች ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል። በታመመ ልጅ ስም ገንዘብ መውሰድ ምን ይባላል?

ይህንን ወንድማችንን ያገኘሁት ቡና ላይ ነው። ጎረቤቴ «ሳኒተሪ ነው፣ አይቸኩልም፣ አይዋሽም» አለችኝ። ደወልኩ፣ በማግስቱ መጣ። ገና ሲገባ የጠየቀው ስለ ማሽን አልነበረም። «ሮቶውን መቼ አጠባችሁት?» አለ። እኔና ባለቤቴ ተያየን። ከተሰቀለ አምስት ዓመቱ ነው፣ አንዴም አላጠብነውም።

ወጥቶ ክዳኑን ከፈተ። ከዚያ ጠራኝ። «እህቴ፣ ነይ እይው። አንቺ ሳታዪው አልነካውም» አለ። መሰላሉን ይዞልኝ ወጣሁ። ከታች አራት ጣት የሚሆን ጭቃ ተኝቷል። የሞተ እንሽላሊት አለበት። ትርፍ ውሃ የሚወጣበት ቱቦ ወንፊት የለውም፣ በዚያ ነው የገባው። ለልጄ ጁስ የምበጠብጠው በዚህ ውሃ ነበር።

አልተቆጣንም፣ አላስፈራራንም። ቁጭ ብሎ አስረዳን። የከተማችን ውሃ ከግልገል ጊቤ ወንዝ ተስቦ ቦዬ ላይ ይጣራል። በክረምት ወንዙ ይደፈርሳል፣ ማጣራቱም ይከብዳል። ተጣርቶ ከወጣም በኋላ መንገድ ላይ ይበላሻል። ውሃ ሲቋረጥ ቱቦው ባዶውን ይቀራል፣ የተሰነጠቀ ቦታ ካለ ከውጭ ቆሻሻ ይስባል። ለዚህ ነው መጀመሪያ የሚመጣው ውሃ የሚደፈርሰው። «የመጀመሪያውን ለአትክልት ድፉት፣ ጠራ ሲል ሮቶ ሙሉ» አለን። እስከዛሬ ይህንን የነገረን ሰው አልነበረም።

ያንን የብረት ዘንግ ነገር ስነግረው አዘነ። ቡናማው ነገር የዘንጎቹ የራሳቸው ብረት ነው አለኝ። በማሽኑ ውሃ ውስጥ ማዕድን እምብዛም ስለሌለ ኤሌክትሪኩ በደንብ አያልፍም፣ ጨው ቆንጠር አድርገው ቢጨምሩበት እሱም ቡናማ ይሆናል። አሠራሩ አልገባኝም፣ መታለሌ ግን ገባኝ። ሻጩ ውሃችሁ ፍሎራይድ የሚባል ጥርስ የሚያበልዝ ማዕድን አለበት እያለም አስጨንቆን ነበር። ፍሎራይድ በብዛት የሚያስቸግረው በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ የሚጠጡትን ነው። እህቴ ዝዋይ ስለኖረች ጥርሳቸው የበለዘ ልጆችን አይቻለሁ። የእኛ ቤት ችግር ግን ሮቶው ውስጥ ነበር።

ከረዳቱ ጋር እስከ ቀትር አጠቡት። ወንፊት አሰረለት። ማታ በረኪና ያለበት ውሃ ሞልቶ፣ ማንም እንዳይነካ ቧንቧውን ዘግቶ ሄደ። ልኩን እሱ ነው የሚያውቀው፣ እናንተ በግምት እንዳታደርጉት። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ልጁ ሳያስበው እንዳይጠጣው ብሎ ወደ ሌላ ሥራው ከመሄዱ በፊት ሊደፋውና ሊያለቀልቀው መጥቶ ነው። ማንም አላዘዘውም።

ማጣሪያ ሽጥልን ብለን ለመንነው። «ከኔ አትግዙ፣ መርካቶ ዞራችሁ ዋጋ አወዳድሩ» አለ። የሸክላ ሻማ (ውሃው ሰርጎ የሚጣራበት) ያለው ባለሁለት ባልዲ ማጣሪያ ይበቃችኋል አለን። ሻማው በሳሙና አይታጠብም፣ በለስላሳ ብሩሽ ነው። ከሰል ያለበት ማጣሪያ ሽታና ጣዕም ያስተካክላል እንጂ ጀርም ይገድላል ማለት አይደለም። በጊዜው ካልተቀየረ ጭራሽ የጀርም ቤት ይሆናል። ውሃ አጋር የሚባለው የክሎሪን ማከሚያም ቢሆን በደፈረሰ ውሃ ላይ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ መጀመሪያ ይጥለል። ጃርዲያ ደግሞ ክሎሪን ስለሚቋቋም የልጁ ውሃ ተጣርቶም ይፍላ አለን። በደንብ ሲንተከተክ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል።

አሁን የማልረሳውን ልንገራችሁ። ቀን ልጄን የሚይዙት አማቴ ናቸው። ማንበብ አይችሉም፣ አማርኛም ብዙ አይሉም። ይህ ሰው መሬት ላይ አጠገባቸው ተቀምጦ በኦሮምኛ አንድ በአንድ አስረዳቸው። ከዚያ ከኪሱ ቀይ ክር አውጥቶ የፈላው ውሃ ጆግ እጀታ ላይ አሰረ። «ቀይ ክር ካለው ብቻ ነው ለልጁ» አላቸው። መልሰው እንዲነግሩት አደረገ፣ ሁለት ጊዜ። አማቴ መረቁት፣ ጎንበስ ብሎ ተቀበለ። የባሌ አባት ካረፉ ወዲህ ለእሳቸው እንዲህ ጊዜ ሰጥቶ ያወራ እንግዳ አላየሁም። ክሩ ዛሬም አለ። ልጄ ራሱ «ቀዩን ስጡኝ» ይላል።

ለሁለት ቀን ሥራ 1,500 ብር ጠየቀ። ጨምረን ስንሰጠው «ለልጁ ወተት ግዙበት» ብሎ መለሰልን።

እባካችሁ፣ ጅማ ያላችሁ፣ ሮቶ ያላችሁ፣ ይህንን ሰው ጥሩት። አጂፕ ይሁን ኮቺ፣ ቦሳም ይሁን ፈረንጅ አራዳ ይመጣል። ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት ጥሩት። ቀብድ አይቀበልም፣ ሥራውን አይታችሁ ነው የምትከፍሉት። ስልኩን ለጠየቀኝ ሁሉ በውስጥ መስመር እልካለሁ፣ እሱንም አስፈቅጄዋለሁ። አርብ ቀትር ላይ ጁምዓ ስለሚሄድ አያነሳም፣ ከ9 ሰዓት በኋላ ደውሉለት። «የቀይ ክሯ እናት ላከችኝ» በሉት፣ ያስታውሰናል።