ከ«እሺ» በኋላ ምን አለ? አራት የጃፓን ጌሞች በፍቅራቸው ሲመዘኑ

የጃፓን አርፒጂ (ገጸ ባሕርይ ሆናችሁ ረጅም ታሪክ የምትኖሩበት ጌም) ለመግዛት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ውጊያው ነው። ተራ በተራ ነው ወይስ በቀጥታ? ቀጥሎ ስለ ርዝመቱ ይጠይቃል። ስለ ፍቅሩ አፍ አውጥቶ የሚጠይቅ ብዙም የለም። ጌሙን ሲጨርስ ግን ወሬው ሁሉ እሱ ነው። ማንን መረጥክ? ማንን አስቀየምክ? ያቺንስ እንዴት አስችሎህ ተውካት?

ስለዚህ ዛሬ አራት ጌሞችን በፍቅራቸው ብቻ ልመዝን ነው፦ ፐርሶና 5 ሮያል፣ ፋየር ኤምብለም ስሪ ሃውስስ፣ ሩን ፋክተሪ 4 ስፔሻል እና ፋይናል ፋንታሲ 7 ሪበርዝ። መመዘኛዬ ሁለት ነው። የወደዳችሁት ሰው «እሺ» ካለ በኋላ ጌሙ ምን ያሳያችኋል? ደግሞስ ቤተሰብ ሳሎን ተቀምጦ እያለ ሪሞት ፍለጋ ሳትሯሯጡ መጫወት ይቻላል ወይ?

ከፐርሶና ልጀምር፣ ስሙ ስለገነነ። ሮያል የሚባለው የተስፋፋው እትም ጃፓን ውስጥ በ2019፣ ለሌላው ዓለም በ2020 ወጣ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ከ2022 ወዲህ ፒሲ፣ የኒንቴንዶው ስዊች፣ ኤክስቦክስና ፕሌይስቴሽን 5 ላይም አለ። እናንተ ቶኪዮ ውስጥ ከአንድ ካፌ ጣሪያ ሥር የምትኖሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናችሁ። ቀን ትምህርት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት የእናንተ ነው፤ ማጥናትም፣ መሥራትም፣ ከሰው ጋር መዋልም ይቻላል። ቀኑ ግን አይጠብቅም። አንዷን ሲኒማ ስትወስዷት ሌላዋ ታመልጣችኋለች። የዚህ ጌም ፍቅር ጣዕሙ እዚህ ላይ ነው፤ ጊዜ ራሱ ገንዘብ ሆኗል።

መንገዱ ደስ ይላል። የተማሪዎች ምክር ቤት ፕሬዚዳንት የሆነችውን ማኮቶን ለመቅረብ መጀመሪያ እውቀታችሁ፣ እየቆየ ደግሞ ማራኪነታችሁ ከፍ ማለት አለበት። ማራኪነት ከሚገኝባቸው ቦታዎች አንዱ ደግሞ ካፌው አጠገብ ያለው የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ነው። ገብታችሁ ትዘፈዘፋላችሁ፣ ነጥባችሁ ይጨምራል፣ አንድ ምሽት ያልቃል። ወዳጅነቱ አሥር ደረጃ አለው። የፍቅር ጥያቄው የሚመጣው መጨረሻ አካባቢ ነው።

ከዚያስ? ከዚያማ ብዙ የለም። የገና ዋዜማ አንድ ትዕይንት፣ ለቫለንታይን ቸኮሌት፣ አልፎ አልፎ ደግሞ አብሮ መውጣት። ዋናው ታሪክ ፍቅረኛ እንዳላችሁ የረሳ ይመስላል። የሚገርመው፣ ሁሉንም በአንዴ መያዝ ይቻላል። ጌሙ አይከለክላችሁም። የእጃችሁን የምታገኙት በቫለንታይን ማግስት ነው፤ የጠበሳችኋቸው ሁሉ ካፌው ውስጥ አንድ ላይ ሲያፋጥጧችሁ። ትዕይንቱ ያስቃል። ግን ጌሙ እንደ ቀልድ ወስዶት ያልፋል።

የሳሎኑን ፈተና ግን ይወድቃል። የመጀመሪያው ክፉ ሰው ተማሪዎቹን የሚያሰቃይና የሚያዋክብ የስፖርት መምህር ነው። ጌሙ ይህን ጉዳይ በቁም ነገር ይዞ በድፍረት ያወግዛል፤ እስከዚህ ድረስ አንጀት ያርሳል። ብዙም ሳይቆይ ግን የዚሁ ሰው ሰለባ የነበረችው የክፍል ጓደኛችሁ አን ላይ ራሱ ጌሙ ዓይኑን ይጥላል፤ ስለ አለባበሷ አጉል ቀልድ ይደረድራል። ያወገዘውን መልሶ ማድረግ ማለት ይኼ ነው። በዚያ ላይ የክፍል ኃላፊዋን መምህርትና የሰፈሩን ሐኪም ጨምሮ ትልልቅ ሴቶችን ለአንድ ተማሪ የፍቅር አማራጭ አድርጎ ያቀርባል። ለእኔ ይህ አይዋጥልኝም። መተው ይቻላል፣ አያስገድድም። አውሮፓ ከ16፣ አሜሪካ ከ17 ዓመት በታች አይሆንም ያሉት ግን በከንቱ አይደለም። ገጸ ባሕርዩም ወንድ ብቻ፣ የሚመረጡትም ሴቶች ብቻ ናቸው።

ፋየር ኤምብለም ስሪ ሃውስስ በሐምሌ ወር 2019 ለስዊች ብቻ የወጣ ነው። እዚህ ደግሞ መምህሩ ራሳችሁ ናችሁ። ባይለዝ የሚባለው ገጸ ባሕርይ ወንድም ሴትም ሊሆን ይችላል። ትምህርት ቤቱ ገዳም ውስጥ ነው፤ ቤት ከሚባሉት ሦስት የተማሪ ቡድኖች አንዱን መርጣችሁ ታስተምራላችሁ፣ ታዋጋላችሁ። «መምህርና ተማሪ ነው ብለህ አሁን ፐርሶናን ስትወቅስ አልነበር?» ትሉኝ ይሆናል። ልዩነት አለው። ታሪኩ መሀል ላይ አምስት ዓመት ይዘላል። ቀለበቱ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ፣ ሁሉም አዋቂ ሆነው ጦር ሜዳ ሲገናኙ፣ ጌሙ ሊያልቅ ሲል ነው። ነገሩን ሙሉ በሙሉ ባያጸዳውም የተሻለ ጨዋነት ነው።

ስለ ሻይ ግብዣው ሳልናገር አላልፍም። አንድ ሰው ትጋብዛላችሁ፣ ሻዩን ትመርጣላችሁ። ከተማሪዎቹ ኤደልጋርድ ቤርጋሞት ሻይ ትወዳለች፣ ዲሚትሪ ካሞማይል። ከዚያ ሦስት የጨዋታ ርዕስ ታነሳላችሁ። ርዕሱ ካልጣማቸው ፊታቸው ላይ ይታያል። ተረቡን፣ ልምምጡን፣ ዝምታውን ሁሉ ሻይ ላይ አስቀምጦታል። ጀንጃኞችም አሉ። ሲልቫን የሚባለው ቀበጥ መምህሯ ሴት ከሆነች ያለ አንዳች ቅድመ ሁኔታ ወደ ክፍሏ ይዛወራል፤ ለወንዱ መምህር ግን መስፈርት ያበዛል። ይህን አይነቱን ቀልድ እናትም ብትሰማው ትስቃለች።

የዚህ ጌም ፍቅር ክብደት ያለው ግን በሻዩ አይደለም። ክላሲክ የሚለውን አጨዋወት ከመረጣችሁ ውጊያ ላይ የሞተ ሰው በዚያው ቀረ። ጊዜን ወደ ኋላ የሚመልስ ኃይል ተሰጥቷችኋል፣ እሱም ቢሆን ተቆጥሮ ነው። ያልመረጣችሁት ቤት ተማሪዎች ደግሞ ኋላ በጠላት ወገን ይመጣሉ። ትናንት ሻይ የቀዳችሁለት ልጅ ዛሬ ጦር ይዞ ፊታችሁ ይቆማል። እንዲህ አድርጎ ሆድ የሚያባባ ጌም ከአራቱ ውስጥ ሌላ የለም።

ከ«እሺ» በኋላስ? አንድ ትዕይንትና ከጦርነቱ በኋላ እንዴት እንደኖራችሁ የሚተርክ አጭር ጽሑፍ ብቻ። ጥሩው ነገር ሌሎቹም እርስ በርስ መጋባታቸው ነው። ማን ከማን ጋር እንደሚሆን ጎን ለጎን እያሰለፋችሁ ማጣመር፣ ያው ሽምግልና በሉት፣ ራሱን የቻለ ሱስ ነው። ከተመሳሳይ ጾታ ጋርም የተወሰኑ አማራጮች አሉ፤ ለሴቷ ባይለዝ ይበዛሉ።

ሩን ፋክተሪ 4 ስፔሻል እንደ ሁለቱ ዝነኛ አይደለም። መጀመሪያ በ2012 ለኒንቴንዶው የእጅ ኮንሶል 3ዲኤስ ወጥቶ፣ ስፔሻል የተባለው እትም ከጃፓን ውጭ በ2020 ለስዊች፣ በ2021 መጨረሻ ደግሞ ለፒሲና ለሌሎች ኮንሶሎች መጣ። ሴልፊያ በምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ ታርሳላችሁ፣ ዓሣ ታጠምዳላችሁ፣ ዋሻ ወርዳችሁ ትዋጋላችሁ። ስድስት ወንዶች፣ ስድስት ሴቶች ለጋብቻ አሉ። ምስሉ አሮጌ ነው፤ ዘንድሮ የወጣ ጌም የለመደ ዓይን ቅር ይለዋል።

በእኔ መመዘኛ ግን አንደኛ የሚወጣው ይኼ ነው። እዚህ «እሺ» የጌሙ መጨረሻ አይደለም። ስትናገሩ መጀመሪያ የቀለዳችሁ ይመስላቸዋል። ደጋግማችሁ ትናገራላችሁ። የሚወዱትን ምግብ አብስላችሁ ትወስዳላችሁ። ቀለበቱን ራሳችሁ ቀጥቅጣችሁ ትሠራላችሁ፣ ባለ ሁለት ሰው አልጋም መግዛት ግድ ነው። ከሠርጉ በኋላ የትዳር ጓደኛችሁ እቤታችሁ ገብቶ ይኖራል፣ ልጅ ይወለዳል፣ ኋላም ልጁን ይዛችሁ ዋሻ ትወርዳላችሁ። ስፔሻል እትሙ የሙሽርነት ኑሮን ብቻ የሚያሳዩ ተጨማሪ ታሪኮችም አሉት። አሽሙሩ ለስላሳ ነው፣ ሳሎን ውስጥ ማንንም አያሳፍርም።

እንከኑን ልደብቃችሁ አልፈልግም። ወደ ጋብቻ የሚወስደው የእያንዳንዱ ሰው ታሪክ የሚነሳው በዕጣ ነው። ቀለበቱ ተሠርቶ፣ አልጋው ተገዝቶ፣ የምትጠብቁት ታሪክ ግን እንቢ ብሎ ይቀራል። በየጠዋቱ እየተነሳችሁ የሌላ ሰው ጉዳይ ትፈታላችሁ። ትዕግሥት የሌለው ሰው እዚህ ላይ ይተወዋል። ከተመሳሳይ ጾታ ጋር መጋባትም አይቻልም፤ ያ የመጣው ከሩን ፋክተሪ 5 ጋር ነው።

ፋይናል ፋንታሲ 7 ሪበርዝን ባጭሩ ልለፈው፤ ለፍቅር ብላችሁ የምትገዙት ጌም አይደለም። በየካቲት 2024 ለፕሌይስቴሽን 5፣ በጥር 2025 ለፒሲ ወጣ። የፍቅሩ ጉዳይ ሁሉ ጎልድ ሶሰር በተባለው መዝናኛ ስፍራ በአንድ ምሽት ያልቃል። ከጉዞ ጓደኞቻችሁ ማን በራችሁን እንደሚያንኳኳ የሚወስነው በመንገዳችሁ ሁሉ የመለሳችሁት መልስና የሠራችሁት የጎን ተልዕኮ ነው። ቲፋ ልትሆን ትችላለች፣ ኤሪዝም፣ ዩፊም። ግዙፉ ባሬት ሊመጣባችሁም ይችላል፤ በበኩሌ እሱንም ባየው አልጠላም። በትዕይንት ውበት ማንም አይደርስበትም። አየር ላይ ተንጠልጥሎ በሚሄደው የመዝናኛ ሳጥን ውስጥ ሁለት ሰው ተቀምጦ ዝም ሲል ልብ ይመታል። ጌሙን አንዴ ከጨረሳችሁ ምዕራፉን ተመልሳችሁ የፈለጋችሁትን ሰው መምረጥ ትችላላችሁ። ደግሞ ይህ የሦስት ክፍል ታሪክ መሀለኛው ነው፤ በ2020 የወጣውን ሪሜክ ሳይጫወቱ እዚህ መግባት ግራ ያጋባል።

ወደ ኪስ ስንመጣ፣ ሲወጡ የተቆረጠላቸው ዋጋ ሪበርዝ 70 ዶላር፣ ፐርሶናና ፋየር ኤምብለም 60፣ ሩን ፋክተሪ 30 ነበር። ፐርሶና ቅናሽ ያዘወትራል። የኒንቴንዶው ፋየር ኤምብለም ግን ዋጋው በቀላሉ አይወርድም፤ ከኢንተርኔት ከማውረድ የጌሙን ካርድ ገዝቶ ሲጨርሱ መሸጥ ያዋጣል። ፒሲ ላይ የምትጫወቱ ደግሞ የዳታ ሒሳብ አትርሱ። ሪበርዝ ከ150 ጊጋባይት በላይ ባዶ ቦታና ጠንካራ ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል። ፐርሶና 40 አካባቢ ይበቃዋል፤ አሮጌ ኮምፒውተርም ይችለዋል።

እንግዲህ የኑሮ ፍቅር የሚፈልግ ሩን ፋክተሪን ይያዝ። መራራ ታሪክ የሚወድ ስዊች ካለው ፋየር ኤምብለምን። ፐርሶናን የምትገዙ ለከተማው፣ ለሙዚቃውና ለውጊያው ብላችሁ ግዙት፣ ፍቅሩን እንደ ምርቃት ቁጠሩት። የፐርሶና አጨዋወት ጥሟችሁ ቀልዱ ካስከፋችሁ በ2024 የወጣውን ፐርሶና 3 ሪሎድ እዩ፤ ሴቶቹን በጓደኝነት ብቻ መያዝ ይቻላል። ሴት ሆና መጫወት የምትፈልግ ግን ሪሎድን ትተው፣ እዚያ ያ ምርጫ የለም። ያለው በ2009 ለሶኒው የእጅ ኮንሶል ፒኤስፒ በወጣው ፐርሶና 3 ፖርተብል ላይ ነው፤ ከጥር 2023 ጀምሮ ፒሲና አዳዲሶቹ ኮንሶሎች ላይ ይሸጣል።